ቡርቃ ጨፌን የቀየሱት የአቶ ሰይፈሚካኤል ዘካርያስ የሕይወት ታሪክ፣ ከነአሥራ አንድ ሜትሩ

አቶ ሰይፈሚካኤል ዘካርያስ ከአባታቸው ከአቶ ዘካርያስ ተክለሃይማኖት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉብርሃን ወልደሰማያት በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ አዳማ በምትባለው በናዝሬት ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ጥቅምት 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ባቡር በቆመ ቁጥር በመስኮት ለመንገደኛው ፓፓያና ብርቱካን ይሸጡ ነበር። ወላጆቻቸው ካፈሯቸው ሰባት ልጆች አምስተኛው ሲሆኑ፣ ከሰባቱ ዛሬ በሕይወት ያለ የለም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የባለቤታቸው ታናሽ እህት መምህርት ቦንቱ ገመዳ ናት። እንድትጽፈው ያዘዟት ራሳቸው ጋሼ ሰይፈሚካኤል ናቸው። ምን እንዲገባና ምን እንዳይቀር በአንደበታቸው ነግረዋታል። «ደግ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ» የሚለውን ዝርዝር ግን እንድትተወው አደራ ብለዋል፤ በዕድሜያቸው በሰሙት የቀብር ንባብ ሁሉ አንድም ክፉ ሰው ሲሞት አላጋጠመኝም ይሉ ነበርና። ስለዚህ ደግነታቸውን የሚያውቅ ሁሉ በልቡ ይያዘው፤ እዚህ የሚነበበው የሠሩት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ናዝሬት ተምረው በ1959 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በሒሳብና በሥዕል አንደኛ ነበሩ፤ በስፖርት ግን ስማቸውን ያነሳ የለም። ቀጥለው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ የሕንፃ ሥራና የመሬት ቅየሳ አጥንተው በ1963 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። ዲፕሎማቸውን ይዘው ሲመጡ እናታቸው ምን እንደተማሩ ጠየቋቸው። መሬት መለካት ነው ሲሏቸው፣ የሰው መሬት ለክቶ ለባለቤቱ መተው ምን ዓይነት ሥራ ነው ብለው አዝነው እንደነበር ጋሼ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጥረው መጀመሪያ የተመደቡት ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ነበር። እዚያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ ከቀን ሙቀት ሸሽተው ሐይቁ ዳር የበሉትን አሳ ጣዕም፣ ደግሞም የያዛቸውን ወባ፣ ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም። ወባው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እየመጣ ይጎበኛቸው ነበር። ከዝዋይ ወደ ሁሩታ ተዛውረው የገበያውንና የእህል በረንዳውን ቦታ ለክተዋል። ከሁሩታ ደግሞ በጥር 1968 ዓ.ም. ዛሬ እንድንቀብራቸው ወደተሰበሰብንባት ወደ ቡርቃ ጨፌ መጡ።

ቡርቃ ጨፌ ያን ጊዜ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አውቶቡስ ለሽንት የሚያቆምባት፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ከተማ መባሏም በማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ነው። አንድ ወፍጮ ቤት፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክሊኒክና የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበሯት። ጋሼ የታዘዙት ለዚህች ከተማ የሠላሳ ዓመት ፕላን እንዲያወጡ ነበር። ዕድሜያቸው ሃያ ሰባት ነበር፤ ባለሦስት እግር መለኪያቸውን፣ ሜትሮአቸውንና አንድ ጆንያ ችካል ይዘው ሲወርዱ ሕዝቡ ፎቶ አንሺ መጣ ብሎ ልብሱን ቀይሮ እንደወጣ አባቶች ይናገራሉ።

ፕላኑ አርባ ሺህ ሰው የሚይዝ ከተማ ነበር። የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሦስት ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጋን የሚቆምበት ኮረብታ፣ የጎርፍ ማስወረጃ፣ መናፈሻ ነበረው። ከሁሉም በላይ ከማርያም ደጅ ተነስቶ ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቆ የሚወርድ ባለ ሠላሳ ሜትር መንገድ ነበረው። በቡርቃ ጨፌ በዚያን ዘመን ከሁለት ጋሪ በላይ ጎን ለጎን ሲሄድ ያየ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ሜትር ሲባል ሽማግሌዎቹ በርምጃ ለክተውት፣ ይህ ለመንገድ ሳይሆን ለጉግስ ነው ብለው ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ወይም ሲስቁ ያየ የለም።

የዚህ መንገድ ነገር የጋሼ ሰይፈሚካኤል የሕይወት ታሪክ ዋና ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ ይነገር። የመንገዱ መሐል መስመር የሚሰመረው ከአንድ ችካል ወደ ሌላ ችካል ነው። የላይኛው ችካል የቆመው ማርያም ደጅ ነበር። የታችኛው የቆመው በኦቦ ገመዳ ኢተፋ ግቢ ነበር። ከሁለቱ ችካሎች መሐል በሚወርደው መስመር ላይ አርባ ሦስት ቤቶች ተገኙ፤ ከእነዚያም አንዱ የኦቦ ገመዳ ቤት ነበር።

ኦቦ ገመዳ የአዘጋጇና የጋሼ ባለቤት የወ/ሮ አበባ አባት ናቸው። እህል ይነግዱ ነበር፤ ቤታቸውም በዚያ ዘመን በቡርቃ ጨፌ ባለ ቆርቆሮ፣ ባለ ስድስት ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ያለው ብቸኛ ቤት ነበር። ከሁሩታ ገበያ የተመለሰ ሁሉ ጭነቱን አውርዶ በረንዳው ላይ ሳያርፍ አይሄድም። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ሳይተከል በፊት ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሁሉ የሚጠለለው እዚያ ነው። እናታችን አደ አያንቱ ደሊል አንድም ቀን ሰው በዛብኝ ሲሉ አልተሰሙም። ዛሬ ያ ቤት የለም፤ አዘጋጇ የተወለደችበት ክፍል የእግረኛ ዜብራ ሆኗል።

ወ/ሮ አበባ ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ታይፒስት ነበሩ። የፕላኑን ማብራሪያ የመቱት እሳቸው ናቸው። ይፈርሳሉ የተባሉትን ቤቶች ዝርዝር ሲመቱ በተራ ቁጥር ሰባት የአባታቸውን ስም አገኙት። ሳያጠፉ፣ ሳይሰርዙ መትተው አስፈርመው ፋይል አደረጉት። ጋሼ ይህን አይተው ነው የወደዷቸው፤ ወ/ሮ አበባ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የወደዱኝ ይላሉ፤ በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ሰኔ 1970 ዓ.ም. ፕላኑ ጸደቀ፤ በአርባ ሦስቱም ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀባ። በመስከረም ደግሞ ጋሼ ሦስት ሽማግሌ ወደ ኦቦ ገመዳ ቤት ላኩ። ሽማግሌዎቹ በቀይ ምልክቱ ሥር አልፈው ገብተው አቶ ሰይፈሚካኤል ልጅዎን ለትዳር ይለምናሉ አሉ። ኦቦ ገመዳም፣ «ይህ ጉርባ፣ ይህ ጎረምሳ፣ ልጄንም ቤቴንም ነው የፈለገው። አንዱን ይተውልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው ሄደው ተመለሱ። ጋሼ የላኩት ቃል አጭር ነበር፤ «የምለምነው ልጅዎን ነው። መንገዱ የኔ ስላልሆነ ልሰጥዎም ልወስድብዎም አልችልም» የሚል።

ያን ጊዜ በጓዳ ተደብቃ ታዳምጥ የነበረችው የስምንት ዓመቷ አዘጋጅ አባቷ ሽማግሌዎቹን ከነጋቢያቸው ያስወጧቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ኦቦ ገመዳ በቁጣቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጓሮው በር አሻግረው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነስተው በአፋን ኦሮሞ መረቁ፤ ልጃቸውንም ሰጡ። ሰፈሩ ለብዙ ዓመት ሲገረም ኖረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት ኦቦ ገርባ፣ ገመዳ በዕድሜው በነገር የተረታው ያን ቀን ብቻ ነው ይሉ ነበር።

ጋሼ ሰይፈሚካኤልና ወ/ሮ አበባ ጥር 20 ቀን 1971 ዓ.ም. በማርያም ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ፍሬዘር ሰይፈሚካኤልን በ1972፣ እንቁ ሰይፈሚካኤልን በ1976 ዓ.ም. ወለዱ። የሚኖሩት ከአማቶቻቸው ቤት ሁለት መቶ ርምጃ ርቆ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ነበር። በእጃቸው የሠላሳ ዓመት ከተማ እያለ ለራሳቸው አንድ ካሬ መሬት አልወሰዱም፤ ወ/ሮ አበባ በዚህ የተናደዱባቸውን ቀን ብንቆጥር የዛሬው መርሐ ግብር አይበቃም።

እነዚያ ዓመታት ለሁላችንም መልካም ነበሩ። እሑድ ከሰዓት ጋሼ ልጆቹን ሰብስበው ከተማ ያሳዩን ነበር፤ ከተማው ግን ገና አልተሠራም። በሣር ሜዳው መሐል ያቆሙንና እዚህ መናኸሪያው ነው ይላሉ። ጥቂት ሄደው፣ እዚህ የንባብ ቤቱ ነው፣ ድምፅ ቀንሱ ይላሉ። ባዶውን ሜዳ ከማቋረጣችን በፊት ግራና ቀኝ እንድናይ ያስገድዱን ነበር። የምናየው ላም ብቻ ነው። እኛም አምነን ግራና ቀኝ እያየን እንሻገር ነበር። ፍሬዘር ትምህርት ቤት ገብቶ ቤታችሁ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከመናኸሪያው በታች ብሎ መልሶ፣ መናኸሪያ የሚባል ነገር በሌለበት ከተማ ውሸታም ተብሎ ተቀጥቷል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ለጥምቀት ማግስት፣ ሁላችንንም በአንድ ፒክአፕ ጭነው ሶደሬ ይወስዱን ነበር። ከፍል ውኃው ዳር ተቀምጠው በእርጥብ አሸዋ ላይ የከተማውን መንገዶች በጣታቸው ሲያሰምሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዚህ መርሐ ግብር ጀርባ ላይ ታትሟል።

ቀዩ ምልክትም አብሮን ኖረ። ለትንሣኤ ቤቱ ኖራ ሲቀባ ምልክቱ ይጠፋል። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ጋሼ ጣሳና ብሩሽ ይዘው ይመጡና መልሰው ይቀቡታል፤ የሌላው ሰው ምልክት ይታደሳል፣ የአማቴ አይቀርም ይላሉ። ቀብተው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ ኦቦ ገመዳ ከጎናቸው ያስቀምጧቸዋል። አደ አያንቱ እንግዳ ሲመጣ ምልክቱ ላይ ሰፌድ ይሰቅሉበት ነበር። አማትና አማች በዚያ ቤት ሲጣሉ አልታዩም። ኦቦ ገመዳ ከገዛ ወንድ ልጆቻቸው አስበልጠው ይወዷቸው ነበር። ስለ መንገዱ ግን ሁለቱ አንድም ቀን አንስተው አይጫወቱም ነበር። እኛ ልጆቹ ይህን የመከባበር ምልክት አድርገን ነበር የምንወስደው።

በ1983 ዓ.ም. ግርግር የማዘጋጃ ቤቱ በር ተሰብሮ ወንበሩም ወረቀቱም ሲወሰድ፣ ጋሼ የፕላኑን ዋና ቅጂ በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ቤታቸው ይዘው ገቡ። ለሁለት ዓመት ኮርኒስ ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ አስተዳደር ሥራ ሲጀምር አምጥተው በደረሰኝ አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ወደ አዳማ ተዛውረው በስምጥ ሸለቆ ላሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ፕላን በማውጣት እስከ ጡረታቸው ሠሩ። ቅዳሜና እሑድ ግን ወደ ቡርቃ ጨፌ ይመጡ ነበር። መናኸሪያው ተሠራ፤ ትምህርት ቤቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ኮረብታው ላይ የውኃው ጋን ቆመ። ከተማዋ በተጻፈላት መሠረት ስታድግ ማየት ለጋሼ ልጅ ሲዳር እንደማየት ነበር። ያላሰቡት ነገርም አልታጣም። ባጃጅ የሚባል ነገር በ1970 ዓ.ም. ማንም አላለመውምና ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ በፕላኑ የለም። እስከ ቅርብ ጊዜ ወጣቶቹ ባለ ባጃጆች ይህን ሲያነሱባቸው ጋሼ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር።

በኅዳር 2001 ዓ.ም. መንገዱ መጣ። አስፋልቱ ሲፈቀድ ከአርባ ሦስቱ ቤቶች አብዛኞቹ ቀደም ብለው ተነስተው ነበር፤ ከቀሩት ትልቁ የኦቦ ገመዳ ቤት ነበር። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አቤቱታ ጻፈ፤ መስመሩ ጥቂት ወደ ሰሜን ይዛወርና ይህ ቤት ይትረፍ አለ። በወቅቱ ጡረታ ከወጡ ጥቂት ሳምንታት የሆናቸው ጋሼ በስብሰባው ተጠየቁ። ብድግ ብለው፣ በሰሜን በኩል ፕላኑን አምነው የሠሩ አሥራ ዘጠኝ አባወራዎች አሉ፣ አይዛወርም አሉና ተቀመጡ። አዘጋጇ ያን ቀን በዚያው አዳራሽ ነበረች። ለስድስት ወር አላነጋገረቻቸውም።

አቤቱታውን ያስቆሙት ራሳቸው ኦቦ ገመዳ ናቸው። የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። ሰውየው ያለው ልክ ነው፣ ተዉ፣ አትጨቃጨቁ ብለው ሰዉን በተኑት። በማግስቱ መሰላል አስመጥተው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ወጥተው፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በእጃቸው ነቀሉ። ጋሼ ከታች ሆነው ቆርቆሮውን ተቀበሏቸው። አደ አያንቱ ግን ያን ቀን ከቤት አልወጡም፤ ጣሪያው ተነስቶ ሰማይ እስኪታይ ድረስ እልፍኙ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው ዳር በተሰጣቸው ቦታ ሰባት ዓመት ኖሩ። አንዳንድ ቀን አዘጋጇን ይዘው ወደ አስፋልቱ ይመጡና ዳር ቆመው፣ መደቡ እዚህ ጋ ነበር፣ የእህል ጎታው እዚህ ጋ ነበር እያሉ በከዘራ ያሳዩ ነበር። መኪና ሲያልፍ ጠብቀው ይቀጥላሉ። ኦቦ ገመዳ ሚያዝያ 2004፣ አደ አያንቱ ጥቅምት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ሁለቱም የተቀበሩት በዚሁ በማርያም ነው።

ጋሼ ከጡረታ በኋላ በአዳማ በልጃቸው በእንቁ ቤት ግቢ ፓፓያ እየተከሉ፣ የሚመጡላቸውን ወጣት መሐንዲሶች እያማከሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ቤዚን ትምህርት ቤት እያደረሱ ኖሩ። በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በአዳማ ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ግንቦት ሕመሙ ሲጠናባቸው አዘጋጇን አስጠርተው ይህን ታሪክ እንድትጽፍ አዘዟት። ደብተር ከፍታ ስትቀመጥ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ትውልዳቸው አልነበረም። «ቦንቱ፣ ቤታችሁን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳትጽፊ ሌላውን እንዳትጽፊ» አሏት።

የነገሯት ይህ ነው። በግንቦት 1970 ዓ.ም.፣ ፕላኑ ሊጸድቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ የመጨረሻውን ንድፍ ሲያዘጋጁ በ1969 ጥቅምት ችካሎቹን ሲተክሉ የያዙትን የመጀመሪያ ማስታወሻ አወጡ። ቁጥሮቹ አልገጠሙም። የታችኛው ችካል በማስታወሻው መሠረት መቆም ከነበረበት ቦታ በአሥራ አንድ ሜትር ወደ ደቡብ ቆሞ ተገኘ። በትክክለኛው ቦታ ቢሆን መስመሩ የሚያልፈው በኦቦ ገመዳ የጥጃ ማሰሪያና በባዶ ሣር ላይ ነበር፤ ቤቱን አይነካውም። ችካሉን የተከሉት ወባ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ ስለነበር ስህተቱ የራሳቸው መሆኑን አልተጠራጠሩም። በዚያን ቀን መስመሩን ቢያርሙት የሚጠፋው ሣር ብቻ ነበር።

አላረሙትም። ምክንያቱም ያን ጊዜ ወ/ሮ አበባን ወደዋል፤ ሰፈሩም ያውቃል። መስመሩን ቢያዛውሩ ለሴት ብሎ መንገድ አጣመመ ይባላል፤ የቀሩት አርባ ሁለት ባለቤቶችም እያንዳንዳቸው ዝምድና ቆጥረው ይመጣሉ፤ ፕላኑም ያኔ ያልቅለታል ብለው ፈሩ። የሚታሙበትን ነገር ሸሽተው ማንም የማያይባቸውን ጥፋት መረጡ። ነገ ዛሬ ሲሉ ፕላኑ ጸደቀ። በስተሰሜን ቤት መሠራት ጀመረ። አንድ ቤት፣ ሦስት ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሆነ። በ2001 ስብሰባ ላይ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ግን የእውነቱ ጭራ ብቻ ነበር። ኦቦ ገመዳ ከመሰላሉ ላይ ቆርቆሮ ሲያቀብሏቸው ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፍተው እንደነበር፣ ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ጣሪያው እንደመለሱ ለአዘጋጇ ሲነግሯት አለቀሱ። ይህ በቀብሬ ቀን በሕዝብ ፊት ይነበብ፣ የሚቀየመኝም በቁሜ ባይሆንም በሬሳዬ ይቀየመኝ አሉ።

አዘጋጇ ደብተሩን ዘግታ ወጣች፤ ሦስት ሳምንትም አልተመለሰችም። እናቷ በከዘራ እያሳዩ የቆሙበት አስፋልት በዓይኗ እየመጣ እውነቱን ለመናገር ጋሼን ጠላቻቸው። ኋላ የተመለሰችው ይቅር ብላ ሳይሆን ሰውየው እየመነመኑ መሆኑን ስለሰማች ነው። እየነገሯት ጻፈች። ያለቀውን አንብባላቸው፣ አንድ የቀን ስህተት አርመው፣ ደህና ነው አሉ።

ጋሼ ሰይፈሚካኤል ሕመማቸውን በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ትናንት ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አበባ ገመዳን፣ ልጆቻቸውን ፍሬዘርንና እንቁን፣ ቤዚን ጨምሮ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ደግሞም ዛሬ ሃምሳ ሺህ የደረሰችውን ቡርቃ ጨፌን ትተዋል።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ባለቤታቸው ሳይሰሙት በአደባባይ መነበቡ ነውር ስለሆነ አዘጋጇ ትናንት ረፋድ ላይ ለእህቷ አነበበችላቸው። ወ/ሮ አበባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አሥራ አንድ ሜትር የሚለው ላይ ሲደርስ ብቻ እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ከዚያ፣ «ችካሉን የነቀለው እኮ አባታችን ነው» አሉ።

በኅዳር 1969 ዓ.ም. ጋሼ ችካሎቹን ተክለው ለሦስት ወር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ኦቦ ገመዳ በጥጃ ማሰሪያቸው መሐል የቆመውን ችካል ያዩታል። መንግሥት የሚወስደው ችካሉ የቆመበትን ቦታ ነው ብለው ስላመኑ፣ ለጥጆቹ አዝነው፣ ነቅለው ለምንም ወደማይጠቅመው ወደ ጓሮው ወስደው ከቁልቋሉ ሥር ይተክሉታል። መስመር ከችካል ወደ ችካል እንደሚሰመር፣ ችካሉ ከቤቱ ጀርባ ከቆመ መስመሩ በቤቱ ላይ እንደሚመጣ የነገራቸው አልነበረም። ቀዩ ምልክት ግድግዳቸው ላይ ሲቀባ ነው የሠሩት የገባቸው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ችካል መንቀል ምን እንደሚያስከትል ለምናውቀው ዝምታቸው አይገርመንም። ሽማግሌ በመጣ ቀን ወደ ጓሮው በር ሲያዩ የቆዩትም ለዚህ ነው። ጥፋተኛው እሳቸው ሆነው ሳለ ጋሼን በቤቴ መጣብኝ ብለው ልጃቸውን መከልከል ሕሊናቸው አልፈቀደላቸውም። በ2004 ሊሞቱ ሲሉ ለወ/ሮ አበባ ብቻ ተናዘዙ፤ ለባልሽ እንዳትነግሪው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቀለም ሲቀባ አይቼ ዝም ማለቴን ካወቀ ይንቀኛል ብለው አስማሏቸው። ወ/ሮ አበባም መሐላ ጠብቀው አሥራ ሦስት ዓመት ከባለቤታቸው ጎን ተኙ።

ጋሼ በወባ ያመካኙት ስህተት የእሳቸው አልነበረም። ይህን ሳያውቁ ሞቱ። አንድ ቀን ቀድመን ብናነበው ኖሮ ያውቁ ነበር፤ ለዚህ እኔና እህቴ ከትናንት ጀምሮ የምናለቅሰው ለቅሶ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ማዕድ ሲቆርሱ እያንዳንዳቸው በሌላው ዘንድ ይቅርታ ይፈልጉ ነበር። አንዳቸውም አልጠየቁም። እዚህ ላይ አዘጋጇ የምትለውን ትቼ በራሴ አፍ ልናገር፤ ከእንግዲህ ስለ ሌላ ሰው እንደምጽፍ ማስመሰል አልቻልኩም።

ወ/ሮ አበባ ይህ ሁሉ እንዲነበብ ፈቅደዋል። አንድ ነገር ብቻ ጨምረዋል፤ የጋሼ መቃብር ከአባታችን ጎን እንዲሆን። ትናንት ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሰዎች ቦታውን ለክተው ቆፍረዋል። በሁለቱ መሐል ያለው አንድ ክንድ ነው።

አባታችን ገመዳ፣ ጋሼ ሰይፈሚካኤልም፣ የተወለድኩበትን ቤት በዝምታ ያፈረሳችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ሁለታችሁንም ይቅር ብያችኋለሁ። እግዚአብሔር ነፍሳችሁን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእኛም ለቀሪዎቹ፣ የምንናገረውን ሳይመሽብን የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።

መምህርት ቦንቱ ገመዳ
ቡርቃ ጨፌ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.